ሒሳብ የመጣበት ሕልም

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ሰማይ ኮምፒውተር ሳይንስን ትቶ ሒሳብን ሲመርጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጣም ተናድጄ ነበር። ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወዶ ሒሳብን የሚመርጥ ጤነኛ ሰው ስለሌለ፣ ሰማይን የሚያህል ነገር ከዚያ ወገን መቆሙ ሊገባኝ አልቻለም። አሁን ገብቶኛል። የገባኝ ግን የኮምፒውተር ኮሌጅ መዝጋቢ ሆኜ ወንበር ላይ ከተጣበቅሁ በኋላ ስለሆነ ብዙም አልጠቀመኝም።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ ሩዋይዳ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ መንግሥት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መደባት። የትምህርት ክፍሉ ሒሳብ ነው። ወሬው ሲደርስ አባታችን ሳልህ ግቢ ውስጥ የማሾ ጆንያ እያስጫነ ነበር። የቆላው ማሾ በሱ እጅ ሳያልፍ አዲስ አበባ መግባት የለበትም ብሎ የሚያምን ነጋዴ ነው።

«ምን ደረሳት?» አለ።

«ሒሳብ» አለች እናቴ።

«ሒሳብማ ሱቅ አስቀምጬ አስተምሬያት የለም እንዴ? ለሱ ደግሞ አርባ ምንጭ ድረስ ትሄዳለች?»

ጫኞቹ ጆንያውን እንደተሸከሙ ሳቁ። አባቴ ሲቀልድ አለመሳቅ ሥራ ያሳጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት በየተራ እየመጣ እህቴን አጽናናት። ውጤቷ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ የበለጠ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጣ «አይዞሽ፣ እሱም ትምህርት ነው» ስትባል ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የሒሳብ ሳይሆን የጋሽ ይልማ ነበር። ጋሽ ይልማ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሒሳብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እኛ ሰፈር የሚታየው በሳቸው ላይ ብቻ ነው። ሱሪያቸው ሁልጊዜ ጠመኔ ነው፤ የመነጽራቸው እጀታ በክር ታስሯል። ቀትር ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት ሰዓት፣ አስፋልቱን ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። ያስተማሯቸው ልጆች ባጃጅ አቁመው «ግቡ ጋሼ፣ እኛ እናድርስዎት» ይሏቸዋል። እኔ ሒሳብን የያዝኩት ሱሪ የሚያነጣ በሽታ አድርጌ ነበር።

ኮምፒውተር ደግሞ አብዱልሰመድ ነበር። አብዱልሰመድ የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ሳዑዲ ኖሮ ተመለሰና አስፋልቱ ዳር ፎቅ ላይ ኮሌጅ ከፈተ። ክፍሉ ጣሪያ ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ኮምፒውተሮቹ ጥልፍ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ጥልፉን የጠለፈችው እናቴ ናት። ሩዋይዳ ክረምት ላይ እዚያ ኮርስ ስትወስድ እኔም እከተላታለሁ። አብዱልሰመድ አንዱን ኮምፒውተር ይከፍትልኝና እንቁራሪቷ ከአፏ ባለቀለም ኳስ የምትተፋበትን ጌም ያስጀምረኛል። ኮምፒውተር ሳይንስ ማለት ይህችው እንቁራሪት በዲግሪ ደረጃ እንደሆነች ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ምደባው ከተሰማ ወዲህ አብዱልሰመድ ቤታችን መምጣት አበዛ። ፓፓያ ይዞ ይመጣል፣ ለስላሳ ያስመጣል፣ ከዚያ ስለ ዓለም ያወራል።

«ሳልህ፣ ዓለም ኮምፒውተር ሆኗል» ይላል። «ሒሳቡንም ቢሆን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው፤ ልጅቷ ምን አደከማት? አርባ ምንጭ ሄዳ አዞ ከምታይ እዚሁ ዓይናችን ሥር ትማር። የማስተምራት እኔ፣ ስትጨርስም የምቀጥራት እኔ።»

«አላህ ይስጥህ» ይላል አባቴ።

ለትምህርት እንዲህ የሚቃጠል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሩዋይዳ ለስላሳውን ስታቀርብለት ዓይኑን ከእጇ አይነቅልም። «የሷ ጣት ለኪቦርድ ነው የተፈጠረው» አለ አንድ ቀን። ጓሮ ሄጄ የራሴን ጣቶች ዘርግቼ አየኋቸው። አጫጭር ናቸው፤ ቀናሁባት። ዛሬ እንዲህ ብሎ ወሬ የሚጀምር ወንድ ቢሮዬ ቢገባ ወንበር ሳላቀርብ በሩን አሳየዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከመጋረጃው ወዲያ «እኔ ቤት ሆና ትጨርሰዋለች» ሲለው ሰምቼ፣ ቤቱም ኮምፒውተር አለ ማለት ነው ብዬ ለእህቴ ደስ አለኝ።

ከሁሉም የባሰች የኮምፒውተር ደጋፊ እናቴ ሙሀባ ነበረች። ጎረቤት ፊት «ሒሳብ ተምራ እንደ ጋሽ ይልማ በፀሐይ ልትንከራተት ነው?» ስትል አባቴ ጢሙን እየዳበሰ ያዳምጣታል። ስለ ኮምፒውተር ከአብዱልሰመድ በላይ ታወራለች፤ ኮምፒውተር ስትነካ ግን አይቻት አላውቅም። ከሷ ወገን በመሆኔ እኮራ ነበር።

ሩዋይዳ ብቻ ዝም ትላለች። ዝምታዋ አልዋጥልኝ አለ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ትወዳለች። ቁልፎቹን ሳታይ ስትጽፍ ሌሎቹ ልጆች ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ጠየቅኋት።

«ኮምፒውተር አትወጂም?»

«እወዳለሁ።»

«ሒሳብስ?»

«አልወድም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«አርባ ምንጭን።»

«አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች፣ አንሶላውን እያራገፈች። «ለሱ እኮ ነው።»

አዞ ፈልጋ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አባቴ ልጁን አስገደደ መባል አይወድም። «እኔ ልጄን አላስገድድም» አለ፣ እናቴም አብዱልሰመድም ባሉበት። «ኢስቲኻራ ትስገድ። ኸይሩን አላህ ያሳያት።» ኢስቲኻራ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ሲቸግረው ሰግዶ መልካሙን እንዲመርጥለት አላህን የሚለምንበት ነው። የመስጊዳችን ኢማም «ልብሽ ወዳረፈበት ሂጂ፤ ሕልም ግዴታ አይደለም» ብለው መክረዋት ነበር። እኛ ቤት ግን ሕልም ያልታየበት ኢስቲኻራ እንደተሰገደ አይቆጠርም። ነጭና አረንጓዴ ከታየ ኸይር ነው፤ ጥቁር ከታየ ተወው ማለት ነው። አባቴ ሰማይ ከሱ ጋር እንደሚስማማ አልተጠራጠረም። እስከዚያ ድረስ በማሾ ጉዳይ እንኳ ተለያይተው አያውቁም።

ሙቀት ስለነበር ሁላችንም የምንተኛው በረንዳ ላይ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሻይ ይዞ ይቀመጥና ይጠይቃል።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

በማግስቱም ምንም። አብዱልሰመድ «ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነው» እያለ ጠዋት ጠዋት ጎራ ማለት ጀመረ። ዳቦ ቤቱ ከሱ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ እኛ የምንኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ።

«ምንም ካልታየ እኮ ክልከላ የለበትም ማለት ነው» አለ አንድ ጠዋት።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ሩዋይዳ ሻይዋን ትታ በዚያ ሙቀት ነጠላ ስትከናነብ አይቼ ወባ የተነሳባት መሰለኝ። የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ቀን ቀርቦ ነበር። ካለፈ ቦታዋ ይሄዳል፤ ቦታዋ ከሄደ የሚቀራት የአብዱልሰመድ ፎቅ ብቻ ነው። ይሄን በቤቱ ውስጥ ያልተረዳሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴ ማንጎው ጥላ ሥር ሩዋይዳን ሹሩባ እየሠራቻት ነበር። እኔ ከግንዱ ወዲያ ማንጎ እየመጠጥኩ ነው። እናቴ በጥልፍ የታወቀች ናት፤ ከተማው ውስጥ የትራስ ልብስም የቴሌቪዥን ሽፋንም ከሷ እጅ ያልወጣበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያወሩት ስለ አዲስ ጥልፍ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ማዶው አረንጓዴ ይሁን» አለች እናቴ። «አረንጓዴ ይብዛበት።»

«ወንዙስ?»

«መሃል ላይ፣ ደፍርሶ። በዚህ በኩል ያለው ጥቁር ነው። ጭስ ይኑረው።»

«ጭሱ አይበዛም?»

«አይበዛም። አባትሽን እኔ አውቀዋለሁ።»

አባቴ ጭስ ያለበት ጥልፍ እንደሚወድ ያን ቀን ሰማሁ።

«ከማዶ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ይቁሙ» ቀጠለች እናቴ፣ የጸጉሩን ዘለላ ጠበቅ እያደረገች። «ከዘራ ይያዙ። ግራ እግራቸውን ይጎትቱ።»

ጥልፍ ላይ ያለ ሰው እግሩን እንዴት እንደሚጎትት ማወቅ ስለፈለግሁ ብቅ አልኩ።

«ዳክዬም ጨምሩበት» አልኳቸው። የእናቴ ጥልፍ ዳክዬ አጥቶ አያውቅም።

ሁለቱም ክው አሉ። ከዚያ ሩዋይዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከሳምንታት በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ዳክዬ አይገባም» አለች። «ሂጂ እጅሽን ታጠቢ።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል፤ አብዱልሰመድ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ምን አየሽ?»

«አየሁ» አለች ሩዋይዳ።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንዝ ነው። ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። እኔ በዚህ በኩል ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ጥቁር ቤት አለ፤ ውስጡ ጥቁር ሳጥኖች ተደርድረው ይጨሳሉ። ከጭሱ ውስጥ አንድ ሰው በስሜ ይጠራኛል፣ ፊቱ ግን አይታየኝም።»

አብዱልሰመድ ተቁነጠነጠ።

«ማዶው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር በነጭ ተጽፏል። ሰሌዳው ሥር ነጭ የለበሱ ሽማግሌ አሉ። ከዘራ ይዘዋል። ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ።»

«የቱን እግር?» አለ አባቴ።

«ግራውን።»

እኔ በተቀመጥኩበት ደነዘዝኩ። ይሄ እኮ የትራሱ ጥልፍ ነው። ሳይጠለፍ፣ ክሩ እንኳ ሳይገዛ፣ አላህ የእናቴን ጥልፍ ለእህቴ በሕልሟ አሳያት። ተአምር ሲሆን አይቶ ዝም የሚል ልጅ የለም።

«እማ» አልኩ፣ «ይሄ እኮ ያ ትናንትና...»

«ዙልፋ፣ ቧንቧው ክፍት ነው» አለች እናቴ። «ሮጠሽ ዝጊው።»

ሮጥኩ። ቧንቧው ተዘግቷል፤ ክፍት ቢሆንም ከሰሞኑ ውሃ ጠብ ብሎበት አያውቅም። ስመለስ አባቴ እህቴ ላይ አጎንብሷል።

«ምን አሉሽ?» ይላል። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«'አባትሽ ከወንዙ ነው የተመለሰው፤ አንቺ ተሻገሪ' አሉኝ።»

አባቴ ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ ፊቱ ላይ አደረገ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለሆንኩ ሙቀቱ መስሎኝ ማራገቢያ አመጣሁለት። ሩዋይዳ ሳትወለድ የሞቱት አያታችን ግራ እግራቸው ሽባ እንደነበር፣ አባቴን በልጅነቱ ማጀቴ ከተማ አንድ ዓሊም ዘንድ ቁርኣን እንዲቀራ እንደላኩት፣ እሱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ንግድ እንደገባ፣ ሳይታረቁም እንደሞቱ የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በሕይወት ሳሉ አንድ ቃላቸውን አልሰማም። ከሞቱ በኋላ ግን እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ይሄንንም የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው።

«ሌላስ?» አለ፣ ፎጣውን ሳያነሳ።

ሩዋይዳ ዞር ብላ አየችኝ።

«ዳክዬ ነበረች» አለች። «ወንዙን ስትሻገር።»

እናቴ ጀበናው ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። አባቴ ግን ዳክዬዋን በደንብ አሰበባት። «መንገድ ናት» አለ በመጨረሻ። «ሒሳብ ነው።»

«ሳልህ፣ የኔ ኮምፒውተሮች እኮ ነጭ ናቸው» አለ አብዱልሰመድ።

«ሕልሙ ላይ ጥቁር ናቸው።»

«ጭስም የላቸውም።»

«አብዱልሰመድ፣ ዳቦህ ይቀዘቅዛል» አለ አባቴ። አብዱልሰመድ ዳቦ አልያዘም ነበር።

ሩዋይዳ በሳምንቷ ሄደች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እናቴ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረች፤ ከሰገደች በኋላ ምንጣፉ ላይ ቆይታ ዓይኗን ስትጠርግ አያታለሁ። የኮምፒውተር ወገን በመሸነፉ ያዘነች መስሎኝ አንድ ቀን አንገቷን አቅፌ «አይዞሽ እማ፣ እኔ እማርልሻለሁ» አልኳት። የባሰ አለቀሰች። እኔም ቃሌ ነክቷት ነው ብዬ ኮራሁ።

ቃሌን ጠበቅሁ። ዕድሜዬ ሲደርስ መንግሥት ጅማ፣ ፊዚክስ መደበኝ። አባቴ «ምን ታስቢያለሽ?» ሲለኝ «አብዱልሰመድ ጋ ኮምፒውተር እማራለሁ» አልኩት፤ ግንባሬን ሳመኝ። ኢስቲኻራ ስገጂ ያለኝ የለም። አባቱ የሚፈልገውን የፈለገ ልጅ ሕልም አይጠየቅም። እናቴ ብቻ አንድ ከሰዓት ማንጎው ሥር ጠራችኝ።

«ላንቺም ጥልፍ ላዘጋጅልሽ?» አለችኝ።

«ለምን? ትራስ ሞልቶን» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ደግ» አለች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምን እየሰጠችኝ እንደነበር የነገረችኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። «ያላየሽውን አየሁ ማለት አላህ ዘንድ ከባድ ወንጀል ነው» አለችኝ። «ሩዋይዳ እንቢ ስትለኝ 'ወንጀሉ በኔ' ብያት ነው የተናገረችው። ወንጀል እንዲህ በቃል እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ግን ያ ሰውዬ እጇን ሲያይ እኔም አየው ነበር።»

ኮምፒውተር ሳይንስን የተማርኩት በጠመኔ ነው። መብራት በሌለ ቀን አስተማሪያችን አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ማውስ ይስልልናል፤ ቀስቱ ወዴት እንደሚሄድ በጣቱ ያሳየናል። መብራት ባለ ቀን ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እንዳይሞቁ ይዘጋሉ። ሱሪ የለበስኩ ቀን ጉልበቴ ላይ ጠመኔ አይቼ ጋሽ ይልማን አስታወስኳቸው። ከተማችን በጦርነቱ ስትዘረፍ የተረፉት ኮምፒውተሮች ዛሬም በእናቴ ጥልፍ ተሸፍነዋል፤ አብዱልሰመድ ሌላ አግብቶ ወፍሯል፣ እኔንም «ልጄ» ይለኛል። እኔ መዝጋቢው ነኝ።

ሩዋይዳ አርባ ምንጭ ቀረች። ሒሳብ ታስተምራለች፤ ራሷ የመረጠችውን ሰው አግብታለች። ስደውልላት አንዳንዴ እጠይቃታለሁ።

«ሒሳብን ወደድሽው?»

«ዛሬም አልወደድኩትም» ትለኛለች እየሳቀች።

«አዞዎቹስ?»

«አንዴ አይቻቸዋለሁ። ተኝተው ነበር።»

ስልኩን ስዘጋ እቀናባታለሁ። እንደ ያኔው በጣቶቿ ሳይሆን በዚህ ሳቋ ነው የምቀናው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ልጁን ይዞ ቢሮዬ ገባ። ስሟ ፋዲላ ነው።

«መንግሥት ዲላ መድቧታል» አለኝ። «ሒሳብ። ሒሳብ ምን ያደርግላታል? እዚሁ ኮምፒውተር ትማር።»

አብዱልሰመድ ድምፁን ሰምቶ ወጣ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ። «የወንድሜ ልጅም እኮ እዚሁ ነው የሚያስተምረው፤ ገና አላገባም» እያለ ሰውየውን ሻይ ሊያጠጣው ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። ልጅቷ ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ቀረች። በመስኮቱ አስፋልቱን ታያለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አውቶቡስ ሲያልፍ ዓይኗ እስኪጠፋ ተከተለው።

«ኮምፒውተር ትወጃለሽ?» አልኳት።

«እወዳለሁ።»

«ሒሳብስ?»

«አልወድም።»

«አባትሽ ኢስቲኻራ አላሰገደሽም?»

«ሰግጃለሁ። ጠዋት ጠዋት ይጠይቀኛል።»

«ምን አየሽ?»

«ምንም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የእናቴ የሰኞና ሐሙስ ጾም ትዝ አለኝ። ወንጀል እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ተነስቼ የውስጠኛውን በር ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

«ወንበሩን ሳቢና ተቀመጪ» አልኳት። «የአባትሽ አባት በሕይወት አሉ?»